አካፋውና ነጩ ጨርቅ

ሐይቅ ከተማ መጥታችሁ «ሞተር የሚያክመው ሽማግሌ ቤት የት ነው?» ብትሉ ክርስቲያኑም እስላሙም በጣቱ ያሳያችኋል። ስሜ እሸቱ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ጣሪያውን ልጠግን ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት በጭነት መኪና ጀርባ ከሚጻፉ ጥቅሶች ነው፤ መኪናው ናፍጣ እስኪሞላ ድረስ አንድ ጥቅስ አጠና ነበር። ሞተርም ያስተማረኝ የለም። መጀመሪያ የጣልያን ሞተር ፈትቼ ስገጥም ሦስት ብሎን ተረፈኝ። ሁለተኛ ጊዜ አንድም አልተረፈኝም። ዛሬ ሐይቁ ላይ የሚሄዱት ጀልባዎች ሞተራቸው ሲታመም፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያሉ ገበሬዎች የውሃ ፓምፓቸው እምቢ ሲል፣ አምባሰል ውስጥ ወፍጮ ሲቆም የሚጠራው እኔ ነኝ። ከደሴ የመጣ መሐንዲስ ግማሽ ቀን ፈልጎ ያጣውን ብልሽት ጆሮዬን አስጠግቼ ብቻ ነግሬዋለሁ። የሠራ ሰው ሥራውን ቢናገር ትዕቢት አይባልም።

ከሥራዬ ሁሉ ይልቅ ያስከበረኝ ግን በጎልማሳነቴ አፋር በረሃ ላይ የደረሰብኝ ነገር ነበር። ሠርግ ቤት ስገባ «ጋሽ እሸቱ፣ እስቲ የበረሃውን!» ይሉኛል። ልቅሶ ቤት እንኳ በሦስተኛው ቀን፣ እንባው ደረቅ ሲል፣ ይህንኑ ይጠይቁኛል። አርባ ዓመት ያህል ስናገረው አንድ ቃል አልለወጥኩም። እንዲህ ነበር የምናገረው።

ደምሴ የሚባል ጓደኛዬ ከአሰብ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር፤ እኔ ረዳቱም መካኒኩም ነበርኩ። አንድ ጊዜ ከሚሌ ወደ ገዋኔ ስንሄድ ዋናው መንገድ ተቆርጦ በሜዳው በኩል የተሽከርካሪ ዱካ ተከተልን። ዱካው ጠፋብን። የኋላው ባሌስትራ ተሰበረ፤ መኪናው አሸዋ ውስጥ ተቀመጠ። ልናነሳው ስንታገል ክሪኩ ተንሸራቶ እግሬን መታኝ። አንድ ቀን ሙሉ ሰው ሳናይ ዋልን። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ደምሴ «አንተ መራመድ አትችልም፤ እኔ ሄጄ ሰው ላምጣ» አለ። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችውን ውሃ ለሱ ሰጠሁት። የሚሄድ ሰው ከተቀመጠ ሰው ይበልጥ ይጠማዋል፤ ለእኔ ራዲያተሩ አለኝ ብዬ።

ቀን መኪናው ስር በሆዴ እተኛለሁ። ፀሐይ ስትገባ ወጥቼ ዝገት የቀላቀለውን የራዲያተር ውሃ በሸሚዜ እያጠለልኩ፣ በዘይት ቆርቆሮ ክዳን እየለካሁ እጠጣለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ፈለሰፍኩት። ደምሴ በሄደ በሦስተኛው ቀን ሁለት አፋሮች ግመል እየሳቡ ደረሱ፤ አንዱ ጎልማሳ፣ አንዱ ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ። አካፋ ይዘዋል፤ መኪናውን ከአሸዋ ሊያወጡ። ነጭ አቡጀዲ ይዘዋል፤ ከፀሐይ ሊከልሉኝ። በዚያ ጨርቅ ጠቅልለው ግመል ላይ ጫኑኝ። ሌላ የምሰጠው ስላልነበረኝ ለጎረምሳው ቀይ እጀታ ያላትን ፒንሳዬን ሰጠሁት። ሰፈራቸው ስንደርስ ደምሴ ከጎጆ ሮጦ ወጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «እኔ ነኝ የላክኋቸው! እኔ ነኝ!» እያለ አለቀሰ።

በዚያው ዓመት ሚስቴ ጥሩነሽ ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትና ያነሳው ደምሴ ነው፤ ወንድወሰን ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። አበልጅ ሆንን ማለት ነው። የሥጋ ወንድም ቢጣላ በርስት ተጣላ ይባላል፤ አበልጅ ከተጣላ ግን ሰው ማተቡን ይነካል። በየዓመቱ መስከረም ሃያ አንድ ቀን አብረን ግሸን ማርያም እንወጣለን። አውቶቡሱ ካወረደን በኋላ ያለውን አቀበት ጧፌንና ጃንጥላዬን ከበረሃው ይዤው በመጣሁት በዚያ አቡጀዲ ጠቅልዬ ተሸክሜ ነው የምወጣው። ከላይ ስንደርስ «እመቤቴ፣ ይህን ሰው ስለሰጠሽኝ» እላለሁ። ደምሴም አጠገቤ ቆሞ «አሜን» ይላል። አርባ ጊዜ ያህል አሜን ብሏል። ይህን ያዙልኝ።

ጨርቁን የማትወደው ጥሩነሽ ብቻ ነበረች። ከሌላ ልብስ ጋር አታጥበውም፤ ሳጥን ውስጥም አታስገባውም፤ ጓዳ ምሰሶው ላይ ለብቻው ትሰቅለዋለች። የበረሃ አቧራ ጠልታ ነው እል ነበር። ጥሩነሽ ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት።

አምና ነው። ወንድወሰን ደሴ መምህር ነው። ሚስቱን አልማዝንና ልጁን ማሕሌትን ይዞ መጣና «አባዬ፣ መንገዱ ሰላም ነው ብለውኛል፤ መኪናም ከጓደኛዬ ተውሻለሁ። ያ በረሃህ እኮ ዛሬ ያንጉዲ ራሳ የሚባል ፓርክ ነው፤ የዱር አህያ አለበት። እንሂድ» አለኝ።

«አባባ፣ ቦታው ላይ ቆመህ ትነግረኛለህ፤ እኔ በስልኬ እቀርፅሃለሁ» አለች ማሕሌት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጭንቅላቷ በኔ ወጥቷል።

በዚያው ቀን ደምሴ ቤት ሄድኩ። ከኔ ቤት ሦስት አጥር ነው የሚርቀው።

«በዚህ ዕድሜ ምን በረሃ አማረህ?» አለኝ።

«ያለ አንተ ታሪኩ ግማሽ ነው!»

«ጉልበቴን ያመኛል እኮ፣ እሸቴ።»

«በእግርህ ሂድ ማን አለህ? መኪና ነው።»

«ሙቀቱ...»

«አበልጄ፣ በሞቴ!»

በሞቴ ስለው መሬት መሬት አየ። ከዚያ «እሺ» አለ። ምስጋና የሚሸሽ ትሑት ሰው ነው ብዬ የበለጠ ወደድኩት።

ከሐይቅ በማለዳ ተነሳን። ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ባቲ ስንታጠፍ እኔ የባቲን ዜማ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ታሪኩን እያወራሁ ባሌስትራው ጋ ስደርስ አልማዝ ከኋላ «አባባ፣ ይቺን ባሌስትራ እኮ በሠርጌ ዕለት ሰምቻታለሁ፤ በማሕሌት ክርስትናም ሰምቻታለሁ፤ አሁን እኔ ራሴ ልጠግናት እችላለሁ» አለችና አሳቀችን።

ደምሴ አልሳቀም።

«አባ ደምሴ» አለች ማሕሌት፣ «እርስዎ ለብቻዎ ሲሄዱ ምን አዩ?»

«ሜዳ ነው ልጄ። ሜዳ።»

ሚሌ አደርን። በማግስቱ ጠዋት ፓርኩ ጋ ስንደርስ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጠመንጃውን ይዞ አብሮን መኪና ውስጥ ገባ፤ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ቀጭን ሰው። ስሙ ሁመድ ነው። አማርኛ ያውቃል፤ ሁሉንም አንተ ነው የሚለው፤ አልማዝንም ጭምር። ከአስፋልቱ ወጥተን ብዙ ሳንርቅ ሦስት የዱር አህዮች አሳየን፤ እግራቸው እንደ ካልሲ የተሸነተረ። ማሕሌት ትንፋሿን ይዛ ቀረፀቻቸው። እኔ ግን ዓይኔ ከሜዳው ማዶ ያለው ተራራ ላይ ነበር። ተራራውን ስንት ሌሊት አይቼዋለሁ፤ አይጠፋኝም። «ትንሽ ወደ ግራ... አሁን ቀጥ በል... አቁም!» አልኩት ወንድወሰንን። ወረድን። አሸዋ፣ ጥቋቁር ድንጋይ፣ አንድ የግራር ዛፍ።

ማሕሌት ስልኳን ደገነች። ልብሴን አስተካክዬ ጀመርኩ። መቼም እኔ ስናገር ሰው ዝም ይላል። ስለ ክሪኩ ነገርኩ፤ ስለ ራዲያተሩ ነገርኩ። ሁመድ በጠመንጃው ተደግፎ ይሰማል። ደምሴ የመኪናው ጥላ ውስጥ ቆሟል። ፒንሳውን ለጎረምሳው ሰጠሁት ስል ሁመድ አቋረጠኝ።

«ፒንሳው እጀታው ቀይ ነው?»

«ቀይ ነው። ምነው?»

እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ! አንተ ሟቹ ነህ!»

«የምን ሟች?»

«የመኪናው ሟች! አገሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራሃል! ልጁ እኔ ነኝ! በዚያች ፒንሳ ከግመል እግር እሾህ ሳወጣ ኖርኩ፤ አምና ነው የተሰበረችው!»

ተቃቀፍን። ጠመንጃው ጎኔን ወጋኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። አልማዝ እልል አለች። እኔም «አየሽ ማሕሌት? ምስክር መጣልኝ! አባባ ይዋሻል ለምትሉ ሁሉ ይኸው!» አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ ደረቴ ተነፍቶ አያውቅም።

«አካፋውንስ ታስታውሳለህ?» አለኝ ሁመድ እንባውን እየጠረገ።

«እንዴት አላስታውስ! መኪናውን ልታወጡ...»

ሁመድ በሳቅ ፈረሰ። «መኪና? ያን የሚያህል መኪና በአንድ አካፋ ማን ያወጣል? አንተን ልንቀብር ነው እንጂ!»

እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መሰለኝ። ጥርሴን እንዳሳየሁ ነው የቀጠለው።

«በኛ ዘንድ ዳጉ አለ። መንገደኛ ሲመጣ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን አንድ በአንድ ይናገራል። ዝናብ የት ዘነበ፣ ውሃ የት አለ፣ ማን ታመመ። ዳጉ አይዋሽም። ከተዋሸ ሰው ይሞታል፤ ከብት ያልቃል። ያ ሾፌር ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን ደረሰ። አባቴ ወተት ሰጠውና ዳጉ ጠየቀው። ከኋላህ ማን አለ? አለው። ማንም የለም፤ አንድ ሰው ነበር፣ ሞቷል አለ።»

ሁመድ ደስታ ላይ ስለነበር ፊታችንን አላየም።

«አለ ቢል ኖሮ አባቴ በዚያው ሌሊት ግመል ላይ ውሃ ጭኖ ይልከን ነበር። ለሟች ግን ማን ይቸኩላል? በማግስቱ ከብቱን ውሃ አጠጣን። ከዚያ አጎቴ ከመንገድ ሠራተኞች አካፋ ተዋሰ። እንግዳም ቢሆን፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ የሰው ሬሳ ለጅብ አይተውም አለ አባቴ። ለራሱ መገነዣ ያስቀመጠውን ከፈን አውጥቶ ሰጠን። ደረስን፤ አጎቴ ጉድጓዱን የት እንቆፍር ሲል ሟቹ ከመኪናው ስር ራሱን አወጣና ውሃ አለ! አጎቴ እንዴት እንደሮጠ ብታይ!»

ያ ነጭ አቡጀዲ። አርባ ዓመት ግሸን ተራራ ላይ በትከሻዬ የወጣው። ወሎ ውስጥ ተወልዶ ከፈን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም።

«ያ ሾፌርስ?» አለኝ ሁመድ። «አለ?»

አንባቢዎቼ፣ በዚያች ሰዓት ሞቷል ብል ማን ይከለክለኝ ነበር? ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን የጠየቀኝ ዳጉ ነው።

«አለ» አልኩት። «ያውልህ።»

ሁመድ ዞረ። ሁላችንም ዞርን። ማሕሌት ስልኳን ዝቅ አደረገች። ሁመድ ደምሴን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። በቋንቋው አንዲት አጭር ነገር ተናግሮ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ግራሩ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

«ደምሴ» አልኩ።

«እሸቴ... ሞተሃል ብዬ ነበር።»

«ውሃውን የሰጠህ ማን ነው? ሙት ነው ጀሪካን ያቀበለህ?»

«ስሄድ ዓይንህ ተከድኖ ነበር።»

«ተከድኖ ነበር? ማርያም ትከተልህ ያልኩህ በምን አፌ ነው?»

እንደ ሕፃን ድምፁ ቀጠነ። «ምራን ይሉኝ ነበር። ሰው አለ ካልኳቸው በዚያው ሌሊት ተነስ፣ መንገዱን አሳየን ይሉኝ ነበር። መመለስ አቃተኝ። እዚያ ሜዳ ላይ እንደገና መግባት አቃተኝ። አንዴ ከአፌ ወጣ። ሊቀብሩህ እንደሚሄዱ አላሰብኩም።»

«ስመጣ እኔ ነኝ የላክኋቸው ያልከውስ?»

«እሱስ እውነት ነው» አለ፤ ወዲያው በእጁ አፉን ያዘ።

ልጄ ወንድወሰን ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ተማሪ እንኳ ተቆጥቶ አያውቅም። የክርስትና አባቱን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ከመኪናው ጥላ ወደ ፀሐዩ አወጣው። «እዚህ ይቅር» አለ። «እኛ እንሄዳለን። እሱም ይየው። አልማዝ፣ ልጅቷን አስገቢ።»

«ወንዴ!» አለች አልማዝ።

«ይየው ነው ያልኩት!»

ደምሴ አልታገለም። አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። «እውነቱን ነው። ተዉኝ። ሂዱ» አለ። የሰባ ምናምን ዓመት ሽማግሌ፣ ኮፍያው ወድቆ፣ ራሰ በራው ፀሐይ ላይ ያበራል። ልጄ ቁልፉን ይዞ እኔን ያያል። ማሕሌትም እኔን ታያለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሳዝኖኝ አልነበረም። ልቤ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ግን በዚህ በረሃ ላይ ልመስለው የማልፈልገው አንድ ሰው ቢኖር አሁን አውቄዋለሁ፤ ከፊቴ ተቀምጧል።

«ተነስ» አልኩት። «እኔ ሰው በረሃ ላይ ጥዬ አልሄድም። እኔ እሸቱ ነኝ።»

ከመኪናው አንድ ጠርሙስ ውሃ አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ አልከፈተውም። ወንድወሰን መሪውን በቡጢ መትቶ ሞተሩን አስነሳ።

ሁመድን መግቢያው ላይ ስናወርደው እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ባውቅ አልናገርም ነበር» አለኝ።

«አይ» አልኩት። «ዳጉ ነው። ደግ አደረግህ። አባትህስ?»

«ሞተ። ብዙ ዓመቱ። በሌላ ጨርቅ ተቀበረ።»

ስንሄድ ያንጎራጎርኩትን የባቲ ዜማ ስንመለስ አላነሳሁትም። ባቲ ላይ ወንድወሰን ነዳጅ ሊሞላ ወረደ፤ አልማዝና ማሕሌትም ሻይ ፍለጋ ተከተሉት። መኪናው ውስጥ ሁለታችን ቀረን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። አልዞርኩም።

«ጥሩነሽ ታውቅ ነበር» አለ።

የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«ለወንድወሰን ክርስትና ሰሞን ነገርኳት። እኔ ይህን ልጅ ማንሳት አይገባኝም ብዬ። ንገረው ትለኛለች ብዬ ነበር፤ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ አሰበች። ባሌ ከበረሃ ሲመለስ ጎብጦ ነበር፤ ቀና ያደረገው ይህ ወሬ ነው አለች። ሰው ሊያድነው ሮጠ ብሎ ነው ቀና ያለው። ሞቷል ብዬ ተውኩህ ብትለው ግን ዳግም አይነሳም። ዝም በል። ልጄን አንሳ። ዕድሜህን ሙሉ ካጠገቡ አትጥፋ፤ ዕዳህ ያ ነው አለችኝ።»

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ባቲ ከተማ መሃል፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ፣ በግንባሬ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አንድ መንገደኛ «አብሽር አባት፣ አሞዎት ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ደምሴ የከዳኝ ፈሪ ስለሆነ ነው፤ ፈሪ ሰው አይቻለሁ። ጥሩነሽ ግን ፈሪ አልነበረችም። ዕድሜ ልኬን ሠርግ ቤት ስፎክር ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ትሰማኝ ነበር። አካፋ ይዘው መጡ፣ መኪናውን ሊያወጡ! ስል ዓይኗን ወደ ጭኗ ትጥላለች። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ጨርቁን ከልብሳችን ጋር ያላጠበችው ከፈን መሆኑን ስለምታውቅ ነው። ደምሴን ጠይቄ መልስ አገኘሁ፤ እሷን የት ሄጄ ልጠይቃት? ይህን ያህል ደካማ ነኝ ብላ አስባ ነበር? ማንም ሳያስተምረኝ ሞተር የገጠምኩ ሰው፣ እውነት መሸከም አይችልም ብላ?

ሐይቅ ስንደርስ ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ነበረች፤ ውሃው ቀልቷል። ደምሴ በሩ ላይ ወረደ። ጠርሙሱ እንደታሸገ እጁ ላይ ነው።

«እሸቴ፣ ለግሸን...?»

«ግሸን ለብቻዬ እወጣለሁ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ታሪክ ያላችሁ ሽማግሎች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሰው የሚወደውን ወሬ ደጋግሞ ሲያወራ፣ እውነቱን የሚያውቁ ሰዎች አፍ ላይ ድንጋይ እየጫነ ነው። እኔ ያን ድንጋይ አርባ ዓመት ሙሉ ጭኛለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው አልልም! የከዳ ሌላ፣ የደበቀች ሌላ፤ እኔ የተከዳሁ ነኝ። ግን አካፋውን አይቼዋለሁ። የመኪናውን ክብደት ከማንም በላይ አውቃለሁ። መካኒክ ነኝ፤ በአንድ አካፋ እንደማይወጣ ማወቅ ነበረብኝ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን ልቁጠርላችሁ፤ ማንም ሌላ አይቆጥርልኝምና።

ልጄ የክርስትና አባቱን እጅ እንዲነሳ አዝዣለሁ፤ ቤቱ እንዲገባ ግን አላስገደድኩትም። ማሕሌት የቀረፀችውን እንዳታጠፋ ነግሬ፣ አንዴ ብቻ እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ።

በሰባ ዓመቴ ያውም ለብቻዬ፣ በሕዝብ መኪና እየቀያየርኩ ተመልሼ ወርጃለሁ። ሁመድን አግኝቼ በራሴ እጅ ቀይ ላስቲክ ያለበስኩትን ፒንሳ ሰጥቼዋለሁ። አባቱ መቃብር ላይ ወስዶኝ አንድ ድንጋይ ደርቤያለሁ፤ ስሙንም ጠይቄ ይዣለሁ።

ግሸንን ያለ ማንም ድጋፍ ወጥቻለሁ፤ ወጣቶች አርፈው ሲያለከልኩ እኔ አልፌያቸዋለሁ። ጧፌን በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው የወጣሁት። ከላይ ስደርስ የጠራሁት የሁመድን አባት ስም ነው። አሜን የሚልልኝ ሰው ስላልነበረ ራሴ አሜን ብያለሁ። ለጥሩነሽም አንድ ጧፍ አብርቻለሁ፤ እየተቆጣሁ ቢሆንም አብርቻለሁ።

አቡጀዲውን ከምሰሶው አውርጄ አጥቤ፣ ለቀብሬ ካስቀመጥኩት ልብስ ጋር ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ላይ «የበረሃውን!» ሲሉኝ ተነስቼ እንደነበረው ተናግሬዋለሁ፤ ሊያድኑኝ ሳይሆን ሊቀብሩኝ መጡ ብዬ። ሾፌሩ ማን እንደሆነ አልጠራሁም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «እንግዲያው የተረፍከው ከመቃብር ቆፋሪ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ደምሴ ሾፌርነቱን ትቶ የተከለው ወፍጮ ሲቆም ሚስቱ ልትጠራኝ መጣች። ሄጄ ፈትቼ ገጠምኩት፤ አንድም ብሎን አልተረፈኝም። እሱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አላየሁትም። የቀረበልኝን ውሃ አልጠጣሁም። ይቅርታ የሚባለውን አልቻልኩም፤ እንደቻልኩም አድርጌ አልዋሽም።

አንድ ነገር ግን ወስኛለሁ። ዕድሜያችን ገፍቷል፤ አንድ ቀን ሰው ሮጦ መጥቶ «ደምሴ ሞቷል» ይለኛል። ያን ጊዜ በሰው ወሬ አላምንም። ሦስቱን አጥር አልፌ እኔው ራሴ እሄዳለሁ። አካፋ አልይዝም። መጀመሪያ ውሃ ይዤ ነው የምሄደው።